ነጭ ክር የጠፋበት ሰሞን

የልጄ ክር ያለቀው ቡራዩ ውስጥ አንድም ሱቅ ክፍት ባልነበረበት ቀን ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉ ከተሞች የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን በመቃወም የአምቦ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቶ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ታክሲ የለም፤ ከዚያ የሚመጣም የለም። ባለቤቴ ሰበታ ነበረች። እዚያ ፋብሪካ የምትሠራ እህቷ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ፣ አንድ ቀን አድራ ልትመለስ ተነጋግረን መንገዱ ተዘጋባት። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ልጄ ብቻ ነን።

ውጪ ሰው እየተተኮሰበት ስለ ክር ማውራት እንዴት እንደሚሰማ ይገባኛል። ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር። ስለዚህ ክሩ ለእኛ ቤት ምን እንደነበር አስቀድሜ ልናገር።

እኔ አናጢ ነኝ። ከሆሳዕና አካባቢ በወጣትነቴ መጥቼ፣ ቡራዩ ውስጥ ቤት እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን በር፣ መስኮትና አልጋ እየሠራሁ ትዳር ያዝኩ። የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ናት። ሌላም አልወለድንም። ሕፃን ሳለች ስንጠራት አትዞርም፤ ስናቅፋት ትገተራለች። የወፍጮ ድምፅ ስትሰማ ግንባሯን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች፤ እጇን እስኪደማ ትነክሳለች። አንዱ ቡዳ ነው አለን፤ ሌላው ክፉ መንፈስ ነው አለን። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወንድሞች ጭንቅላቷ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። እሷ ደግሞ ሰው ሲነካት አትወድምና ጮኸች፤ ጩኸቱን የመንፈሱ ነው ብለው ጸሎቱን አበረቱት። አንዲት ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ጸበል ውሰዷት ብላ ለመነችን፤ ወሰድናት። ቀዝቃዛው ውሃ ሲያርፍባት የነበረውን ዛሬም ማስታወስ አልፈልግም።

ልጃችን ከፍ ካለች በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሐኪም ናት የነገሩን ስም የነገረችን። ኦቲዝም አለችን።

ባለቤቴ፣ “መድኃኒቱስ?” አለቻት።

“ከአፈጣጠሯ ነው እንጂ በመድኃኒት የሚለቅ በሽታ አይደለም” አለች ሐኪሟ። “አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትወደው ምንድን ነው?”

የምትጠላውን ብትጠይቀን እስከ ማታ እናወራላት ነበር፦ ወፍጮ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ እርጥብ ልብስ፣ የሽንኩርት ሽታ፣ ሰው የበዛበት ቤት። የምትወደውን ግን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

“ፈልጉላት” አለች ሐኪሟ። “የሚያስደስታትን፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ የምትጫወትበትን ነገር። ጥቅሙን አትመርምሩ። ስታገኙት ደግሞ አትንጠቋት።”

ፈለግን። ከለር አመጣን፣ ኳስ አመጣን። ከወይራ ቁራጭ ትንንሽ ቤቶች ሠራሁላት፤ አሽትታ መለሰችልኝ። አንድ ክረምት ላይ ግን ባለቤቴ ለቴሌቪዥኑ የሚሆን ዳንቴል እየሠራች ሳለ ልጃችን መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የሰው ፊት የማታይ ልጅ፣ የእናቷን እጅ ስታይ ዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የዳንቴል መሥሪያውን ኪሮሽ ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና መሥራት ጀመረች። ማንም እጇን ይዞ አላስተማራትም፤ እንኳን እጇን መያዝ፣ ትከሻዋን መንካትም አይቻልም ነበር። የብረቱ ቅዝቃዜ እንዳልተመቻት ሳይ ከወይራ ጠርቤ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼ፣ የእንጨት ኪሮሽ ሠራሁላት። የወይራ ቤቶቼን የመለሰች ልጅ ያንን ተቀበለችኝ።

ቤታችን ተለወጠ ብል ማጋነን አይደለም። ክሩ እጇ ላይ ካለ ወፍጮ ይፈጫል፣ እሷ አትነሳም። ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ትሠራለች። ሲመቻት በአፍንጫዋ ቀጭን ዜማ ታወጣለች፤ ያንን ድምፅ ስሰማ ከሥራ ቤቴ መጋዜን አቁሜ አዳምጥ ነበር። ቃላትም አመጣች። ክር። ነጭ። ጨምር። የሠራችውን አንዳንዱን ታስቀምጣለች፤ አንዳንዱን እንደጨረሰች ተርትራ እንደገና ትጀምረዋለች። ሰዎች፣ “እንዲህ እጇ ከተባረከ ለምን አትሸጡላትም?” ይሉን ነበር። ባለቤቴ አሻፈረኝ አለች። “ሌላው ልጅ ሲጫወት ይሸጣል እንዴ? ይሄ የእሷ ጨዋታ ነው” ትላቸዋለች።

ነጭ ክር ብቻ ነው የምትሠራበት፤ ቀጭኑን፣ የዳንቴሉን። እንግዲህ ያለቀው እሱ ነው።

የመጨረሻው ጫፍ ከኪሮሹ ላይ ሲወድቅ አየችው። “ክር” አለች። “እናትሽ ታመጣልሻለች” አልኳት። “ክር” አለች። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

“አልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ እይ እስቲ” አለችኝ።

“ቀይ ብቻ ነው ያለው።”

“ቀዩን አትስጣት! የባሰ ያስቆጣታል። ቁም ሳጥኑስ?”

“የለም አልኩሽ።”

ያለቀሰች መሰለኝ። “በእግሬ ልምጣ” አለች።

“በየት አድርገሽ? እዚያም እዚህም እየተተኮሰ ነው። እንዳትሞክሪው።”

ስልኩ ተቋረጠ፤ ደግሜ ብሞክር አልሠራም። ወዲያው ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ፤ የአስለቃሽ ጭስ ሽታም በመስኮቱ ገባ። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ተነሳች። ግንባሯ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ለዓመታት ያልሰማሁት ድምፅ ስለነበር መጀመሪያ ምንነቱን አላወቅኩትም።

ፍራሹን አንስቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፤ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄደች። መዳፌን በግንባሯና በግድግዳው መካከል አደረግኩ። የሥራ እጅ ነው፤ ቢመታም ይችላል ብዬ ነበር። ውሎ አድሮ ግን እጄ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። በዚህ መሐል የማላደርገው ነገር አልነበረም። የልብስ መስፊያ ክር ሰጠኋት፤ ኪሮሹ ላይ ተበጠሰ። የስንዴ ጆንያ ስፌት ፈትቼ አመጣሁ። ነጭ ነው ብላ ያዘችው፤ ጣቷን ሲሻክራት ወርውራው ጮኸች። የባለቤቴን ነጭ ሻርፕ ልተረትር ሞከርኩ፤ የማሽን ሥራ ነውና ብትንትኑ ወጣ። እሷ በእጇ የቀረችውን፣ ክር ያነሳትን ያላለቀች ክብ ዳንቴል ጨብጣ፣ “ክር፣ ክር፣ ክር” ትላለች። ድምጿ እየሻከረ ሄደ። ምግብ ከቀመሰች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እግዚአብሔርን ለመንኩት። አንድ ጥቅል ነጭ ክር ስጠኝ ብዬ፣ እንደ ሕፃን ተንበርክኬ ለመንኩት።

በሩን ያንኳኩት ከአጥሩ ማዶ ያሉት አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እንደ እናት ማለት ነው። ዛሬ ቤታችን ያለበትን መሬት ጨምሮ ያ ሜዳ በሙሉ የእሳቸውና የሟች ባላቸው እርሻ ነበር። ከተማው እየገፋ መጥቶ የቀረቻቸው ጓሯቸው ናት። እና አንድ ልጅ። እሱን ደግሞ በዚያው ሳምንት ከኳስ ሜዳ ላይ ወታደሮች ከጓደኞቹ ጋር አፍሰው ወስደውታል። ተማሪ ነበር። ሲመጡ ምሳ የቋጠሩበት ሳህን በእጃቸው ነው፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዘውት ሄደው፣ እዚህ የለም ተብለው መመለሳቸው ነበር።

“ማል ታኤ፣ ኢልመ ኮ? ምን ሆነብህ ልጄ? ጩኸቱ እዚያ ድረስ ይሰማል” አሉኝ።

“ክር አልቆባት ነው፣ አዴ።” ይህን ስናገር እንባዬ መጣ። ልጃቸው ለታሰረባቸው ሴት ክር አለቀብን ስል አፈርኩ።

እሳቸው ግን ገብተው ልጄን አዩዋት፤ ግንባሯን አዩ፤ እጄን አዩ። “ሂድ ፈልግላት” አሉኝ። “እኔ አለሁ።”

“መንገዱ ጥሩ አይደለም።”

“እኔ ከዚያው ነው የመጣሁት። ሂድ።”

ወጣሁ። በጓሮ በጓሮ፣ በአጥር ሥር እየተጠጋሁ ክር የምንገዛበት ሱቅ ጋ ደረስኩ። ባለቤቱ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ነው። የሱቁ በር ተቆልፏል፤ ቤቱ ከኋላ ስለሆነ የጓሮውን ቆርቆሮ አንኳኳሁ። ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረም። በመጨረሻ፣ “ማን ነህ?” አለ።

“እኔ ነኝ፣ አናጢው። የዳንቴል ክር ፈልጌ ነው።”

“የምን?”

“የዳንቴል ክር። ነጩን።”

በሩን በጥቂቱ ከፈተውና በአንድ ዓይኑ አየኝ። ያበድኩ መስሎት እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል። “ዛሬ? እኔ ብከፍት መንገድ የዘጉት ልጆች ያቃጥሉብኛል፤ ባልከፍት ወታደሮቹ ለምን ዘጋህ ይሉኛል። ልጆቼን ይዤ ወዴት እንደምገባ ጨንቆኛል፤ አንተ ዳንቴል ትለኛለህ?”

“ለልጄ ነው። ታውቃታለህ።”

ባለቤቴ ስትገዛ ልጃችን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ ክሩን ስታሸት ብዙ ጊዜ አይቷታል። በውስጥ በኩል ወደ ሱቁ ገብቶ በፌስታል ክር ይዞልኝ መጣ። “ከማን እንዳገኘህ እንዳትናገር” አለኝና በሩን ዘጋ።

ፌስታሉን ሸሚዜ ሥር ከትቼ ስመለስ ከመታጠፊያው ላይ ወታደሮች ነበሩ።

“ቁም! የደበቅከውን አውጣና ጣል!”

ጣልኩት። አንደኛው በእግሩ ከፈተው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ክር ነው።”

“ከተማው እየነደደ ክር ልትገዛ ወጣህ?”

“ልጄ ታማለች” አልኩት። ሌላ ቃል አላገኘሁም።

“እና ክር ነው መድኃኒቷ?”

“አዎ” አልኩ።

ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን የቀለድኩበት መሰለው፤ በጥፊ መታኝ። ፌስታሉን በጫማው ገፍቶ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ከተተው። ውሃው ጥቁር ነበር። ክሩ ሲጠቁር ቆሜ አየሁት። ላነሳው ጎንበስ ስል በሰደፍ ጀርባዬን አሉኝ፤ ከዚያ ከያዟቸው ሰዎች ጋር ቀላቅለው ወጣቶቹ መንገዱን የዘጉበትን ድንጋይ እንድናነሳ አዘዙን። ባበጠ እጄ ድንጋይ ሳነሳ ዋልኩ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ እያለቀሰ ነበር፤ ለምን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩትም። የማስበው አንድ ነገር ነው፦ መዳፌ ከሌለ ግንባሯ ላይ ምን እየሆነ ነው? ድንጋዩ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ እሷ መሰለኝ።

ሲመሽ ለቀቁን። ክሩን ከቦይ ውስጥ አውጥቼ፣ የማትቀበለኝ መሆኑን እያወቅኩ፣ ይዤ ሮጥኩ።

ደጃችን ስደርስ ቤቱ ፀጥ ብሏል። በሩን ለመግፋት ፈራሁ።

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ በአሮጊቷ ሻሽ ታስሯል፤ ደም በሻሹ ላይ ወጥቷል። አዴ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ትልቅ ነጭ ዳንቴል እግራቸው ላይ አንጥፈዋል። የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ ቤታቸው ስገባ ሁልጊዜ የማየው። ከጫፉ ይተረትራሉ፤ ልጄ ክሩን ከእጃቸው እየተቀበለች ትሠራለች። የተጠማዘዘ ክር ነው፣ የቆየ ነው፤ ግን ነጭ ነው፤ ቀጭን ነው። ተቀብላዋለች።

“አዴ፣ ምን አደረጉ!” አልኩ።

“ዝም በል፤ እንዳታስነሳት” አሉኝ በሹክሹክታ። “አንተ ስትቆይብኝ፣ ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው አልኩ። እጇን ስትነክስ የያዘችውን ቁራጭ አየሁት። ይሄንንማ እኔም ሠርቻለሁ። በደርግ ጊዜ፣ የሴቶች ማኅበር ውስጥ፣ ኮረዳ ሳለሁ። ሮጬ ሄጄ አመጣሁትና ቋጠሮውን በጥርሴ በጠስኩት። ክሩ ሲመዘዝ ስታይ ቀጥ አለች።”

“ስንት ዘመን ያስቀመጡትን…”

“ጨርቅ ነው፣ ኢልመ ኮ። ልጁ ሚስት ሲያገባ አነጥፈዋለሁ ብዬ ነበር። ልጁ የታለና?”

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ያቺን በአፍንጫዋ የምታወጣትን ዜማ ጀመረች፤ በሻከረ ጉሮሮዋ፣ በቀስታ። አዴ እጇን እያዩ ቆዩና ልጃቸው ከተያዘ ጊዜ ጀምሮ ሳያለቅሱ የቆዩት ሴትዮ ድንገት አለቀሱ።

“እሱስ አሁን እጁ ላይ ምን አለ?” አሉ። “ይቺ እንኳ ክር ይዛለች። እሱ እዚያ ጨለማ ቤት ምን ይዞ ይቀመጣል?”

መንገዱ ሲከፈት ባለቤቴ ግማሹን በታክሲ ግማሹን በእግሯ መጣች። የልጃችን ግንባር ዳነ፤ ጠባሳው አለ። ቆይቶ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የአዴ ልጅ ግን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ምሳ ቋጥረው ይወጣሉ፤ ከቡራዩ ጣቢያ ወደ ሆለታ፣ ከሆለታ ወደ ሌላ። የለም ይሏቸዋል። ባለቤቴ ክር ገዝታ፣ ሌሊቷንም ቀኗንም ሰጥታ ሌላ የጠረጴዛ ልብስ ሠራችላቸው። መርቀው ተቀበሏት፤ አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ጠረጴዛቸው ባዶውን ቀረ።

ልጁ የተመለሰው ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ እግሩን ይጎትታል። ኳስ ነበር ሕይወቱ፤ አሁን ከቤት አይወጣም፤ ግድግዳ ያያል። አንድ ቀን እናቱ መጡና ባለቤቴን፣ “ሐኪሟ የምትወደውን ፈልጉላት ብላችሁ የለ? ለእኔም ልጅ ፈልጉልኝ” አሏት።

ወደ ሥራ ቤቴ አመጣሁት። ገብቶ የእንጨት ሽታውን ሳበና ተቀመጠ። የእንጨት ማለስለሻ መላጊያ ሰጠሁት፤ ያዘው። ሳይልግ ይዞት ዋለ። በሌላ ቀን የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ከፈትኩለት፤ ተነስቶ ወጣ። ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሠራ ትንሽ ጊዜ አየኋቸው፤ እሱ እጇን ያያል፣ እሷ ክሯን ታያለች። አንድ ነገር ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። “እሷ ታድላለች” አለኝና ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ቆይቶ በሱዳን በኩል ሄደ ሲሉ ሰማን። አዴ ዘንድ እስከ ዛሬ ስልክ አልደወለም። ባለቤቴ ስታጽናናቸው፣ “ጀባዻ፣ በርቱ” ትላቸዋለች፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኛ ቤት አሁን ክር አይታጣም። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ እየገዛች ሣጥን ሞልታዋለች። ልጃችን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ትሠራለች፣ ትተረትራለች፣ እንደገና ትሠራለች። ሲያዩዋት ሰላም ናት። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። እጄ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ባለቤቴም ደም ግፊት አለባት። ከእኛ በኋላ ነጩን ከሌላው ለይቶ፣ ቀጭኑን መርጦ፣ ሳያልቅባት ቀድሞ የሚገዛላት ሰው ማን ነው? ባለቤቴን ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ትናንት ሥራ ጨርሼ ስገባ ባለቤቴን ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ክር እያወጣች መልሳ ስትደረድር አገኘኋት። ቁጭ ብዬ አቀብላት ጀመር።